የሃንክ አሮንን መዝገብ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ስለ ሃንክ አሮን ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ቁጥር 755 ነው፤ ከ1954 እስከ 1976 በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል የመታቸው ሆምረኖች ብዛት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ሰውየውን ለማወቅ ግን ጠባብ በር ነው። በ755 የሚጀምር አንባቢ አሮንን ኳስ ከአጥር በላይ የሚያሻግር ጉልበተኛ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ባሪ ቦንድስ በ2007 እንዳለፈው ሲሰማ ደግሞ ታሪኩ ያኔ የተዘጋ ይመስለዋል። ሰፊው በር 6,856 ነው፤ በራሱ ምት የተጓዘው የቤዝ ብዛት። እስካሁን ማንም ያልደረሰበት ቁጥር እሱ ነው። እንዴት እንደሚወጣና ምን እንደሚናገር በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በወረቀትና በእርሳስ መማር ይቻላል።

እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው አንድ መስመር ያለው ወረቀት፣ እርሳስ፣ የስልክ ካልኩሌተር እና የአሮን የዓመት በዓመት ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ቤዝቦል ሪፈረንስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ሲፈልጉት ሙሉ ስሙን ይጻፉ፤ በአባት ስም ብቻ ከፈለጉ የታናሽ ወንድሙን የቶሚ አሮንን ገጽ ሊከፍቱ ይችላሉ። ቶሚም ለአሮን ቡድን ለብሬቭስ ተጫውቷል፤ የእሱ ሆምረን ግን 13 ብቻ ነው። ትክክለኛው ገጽ የትውልድ ቀኑን ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1934፣ የትውልድ ቦታውን ሞቢል፣ አላባማ ይላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ይበቃል። ወርዋሪው (ፒቸር) ኳሱን ከ18.44 ሜትር ርቀት ይወረውራል፤ መቺው (ባተር) በዱላ ይመታል። ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን የሚሠሩ አራት ቤዞች አሉ፤ ከአንዱ እስከ ሌላው 27.43 ሜትር ነው። መቺው በራሱ ምት አንድ ቤዝ ከደረሰ ሲንግል፣ ሁለት ከደረሰ ደብል፣ ሦስት ከደረሰ ትሪፕል ይባላል፤ አራቱንም ዞሮ ከገባ ሆምረን ነው። እነዚህ አራቱ በአንድ ላይ ሂት ይባላሉ። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከተፈቀደው ክልል ውጭ ከወረወረና መቺው ካልሞከረው፣ መቺው ያለ ምት አንደኛ ቤዝ ይሄዳል፤ ይህ ዎክ ነው። መቺው በምቱ ወይም በዎክ ለቡድኑ ያስገባው ሩጫ ደግሞ አርቢአይ ተብሎ ይመዘገባል።

ሁለቱ የተራ ዓምዶች

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስቱት ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን የቆሙት ናቸው። አንደኛው ጠቅላላ ተራ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ፒኤ በሚሉት ፊደላት ይታወቃል። አሮን 13,941 ጊዜ ለመምታት ቆሟል። ሁለተኛው የሚቆጠር ተራ፣ ኤቢ የሚባለው ነው፤ የአሮን 12,364 ነው። የ1,577ቱ ልዩነት የመጣው ዎክ፣ በኳስ መመታት እና ጓደኛን ለማሳለፍ ተብሎ የተከፈለ ምት በሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ስለማይገቡ ነው። ከልዩነቱ 1,402ቱ ዎክ ናቸው።

አማካዩን በጠቅላላ ተራ ያካፈለ ሰው 3,771 ሂቱን ለ13,941 ሰጥቶ 0.270 ያገኛል፤ ከዚያም መዝገቡ 0.305 ለምን እንደሚል ግራ ይገባዋል። ትክክለኛው አካፋይ 12,364 ነው። የአማካዩ አጻጻፍም ልማድ አለው፤ ከነጥቡ በፊት ያለው ዜሮ ይቀርና .305 ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙ በሺህ ተራ 305 ሂት ማለት ነው። መቶኛ መስሎት "30 በመቶ ብቻ?" ብሎ የሚያዝን አለ። በዚህ ጨዋታ ከአሥር ሰባት ጊዜ የሚወድቅ መቺ ከምርጦቹ አንዱ ነው፤ አሮን ደግሞ ይህን ለ23 ዓመታት አማካይ አድርጎ ይዞታል።

በአንድ ዓመት ይለማመዱ

ሙሉውን ሥራ ከመደመርዎ በፊት 1959ን ይውሰዱ። የሚመረጠው ቁጥሩ ቀና ሆኖ ስለሚወጣ፣ ስህተትም ወዲያው ስለሚታይ ነው። ከሰንጠረዡ እነዚህን ይገልብጡ፦ የሚቆጠር ተራ 629፣ ሂት 223፣ ደብል 46፣ ትሪፕል 7፣ ሆምረን 39።

መጀመሪያ ሲንግሎቹን ያውጡ። ሰንጠረዡ ሲንግልን ለብቻው አይጽፍም፤ ከሂቶቹ ላይ ሦስቱን ይቀንሱ። 223 ሲቀነስ 46፣ ሲቀነስ 7፣ ሲቀነስ 39፣ 131 ይቀራል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን በደረሰበት ቤዝ ያባዙ፦ 131 በአንድ፣ 46 በሁለት 92፣ 7 በሦስት 21፣ 39 በአራት 156። ሲደመር 400። ይህ ቶታል ቤዝ ይባላል፤ መቺው በራሱ ምት የተጓዘው የቤዝ ብዛት ነው።

ከዚያ 223ን ለ629 ያካፍሉ፤ .355 ይወጣል። በዚያ ዓመት በናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ሊጎች ብሬቭስ ያለበት) ከማንም በላይ የሆነ አማካይ ነው። 400ን ለ629 ሲያካፍሉ .636 ያገኛሉ፤ ይህ ስለጊንግ የሚባለው የምት ኃይል መለኪያ ነው። ሁለቱ ከሰንጠረዡ ጋር ከገጠሙ ስሌቱን ችለውታል።

ካልገጠመ ስህተቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ነው። ሲንግሎቹን ሳያወጡ 223ቱን እንዳለ ከደብሉ፣ ከትሪፕሉና ከሆምረኑ ብዜት ጋር የደመረ ሰው 492 ያገኛል፤ ሦስቱም በሂት ውስጥ አስቀድመው ስለተቆጠሩ ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ አንድ ጣሪያ ያስታውሱ። በሜጀር ሊግ ታሪክ በአንድ ዓመት የተመዘገበው ትልቁ ቶታል ቤዝ ቤብ ሩት በ1921 ያገኘው 457 ነው። ከዚያ በላይ ካገኙ እርሳስዎን ያንሱና እንደገና ይጀምሩ። አቋራጭ መንገድም አለ፦ ሂት፣ ሲደመር ደብል፣ ሲደመር የትሪፕል እጥፍ፣ ሲደመር ሆምረን በሦስት። ለ1959፦ 223 ሲደመር 46፣ ሲደመር 14፣ ሲደመር 117፤ ያው 400።

አሁን ሙሉውን ሥራ

በዚሁ መንገድ የ23ቱን ዓመት ድምር ይሥሩ። ሂት 3,771፣ ደብል 624፣ ትሪፕል 98፣ ሆምረን 755። በአቋራጩ፦ 3,771 ሲደመር 624፣ ሲደመር 196፣ ሲደመር 2,265። ውጤቱ 6,856 ነው።

በሜትር ይቀይሩት። 6,856 በ27.43 ሲባዛ 188 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል አሰላ ደርሶ ጥቂት የሚያልፍ መንገድ፣ ሁሉም በራሱ ምት የተገኘ። አሮን ሲያቆም ሁለተኛ የነበረው ስታን ሚውዚያል 6,134 ነበረው፤ ልዩነቱ 722 ቤዝ፣ ማለትም 19.8 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ አልበርት ፑሆልስ 6,211 ደርሶ ሁለተኛ ሆኗል፤ አሁንም ወደ 17.7 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ቦንድስ በሆምረን አልፎትም በዚህ ዓምድ ከአሮን በታች ነው። በአርቢአይም እንደዚያው፦ አሮን 2,297፣ ቦንድስ 1,996።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀላል ቅነሳ ይሥሩ፤ ስለ አሮን ከማንኛውም ስሌት በላይ የሚናገረው ይህ ነው። ከ3,771 ሂት ላይ 755ቱን ሆምረኖች በሙሉ ያስወግዱ። 3,016 ይቀራል። ሦስት ሺህ ሂት መድረስ ለአንድ መቺ የታላቅነት መለያ ነው፤ አሮን አንድም ሆምረን ባይመታ እንኳ ያንን ደጃፍ ያልፍ ነበር። የሆምረን ንጉሥ የሚለው ስም ይህን ግማሽ ይሸፍነዋል። አንድም ዓመት መቶ ስትራይክአውት (ሦስት ጊዜ ስቶ ከተራ መውጣት) አለመድረሱ፣ በ1963 ደግሞ 44 ሆምረን ከ31 የተሰረቀ ቤዝ (ያለ ምት በሩጫ ብቻ የተያዘ) ጋር ማጣመሩም ከዚሁ ግማሽ ነው።

የሆምረን ዓምድ እና ወጥመዶቹ

ከላይ ወደ ታች ይደምሩ፦ 13፣ 27፣ 26፣ 44፣ 30፣ 39፣ 40፣ 34፣ 45፣ 44፣ 24፣ 32፣ 44፣ 39፣ 29፣ 44፣ 38፣ 47፣ 34፣ 40፣ 20፣ 12፣ 10። በ1973 መጨረሻ ላይ ድምሩ 713 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከቤብ ሩት ክብረ ወሰን በአንድ ያነሰ ነበር። እስከ ቀጣዩ ዓመት ጨዋታ ድረስ በዚያ ቁጥር ላይ ቆመ፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ዓምዱ ውስጥ 50 የሚል የለም። ከፍተኛው በ1971፣ በ37 ዓመቱ ያገኘው 47 ነው። ክብረ ወሰኑ የመጣው ከአንድ ከፍታ ሳይሆን 15 ጊዜ 30 እና ከዚያ በላይ ከመምታት ነው። በ1963 መጨረሻ ላይ፣ 30 ዓመት ሳይሞላው፣ 342 ላይ መስመር ያስምሩ። የቀሩት 413ቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ከ30 በኋላ ይወርዳል፤ አሮን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የመታው ያኔ ነው። በ1973፣ በ39 ዓመቱ፣ 40 ሆምረን የመታው በ392 የሚቆጠር ተራ ብቻ ነው፤ በ9.8 ተራ አንድ። በ1957፣ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ በተሸለመበት ዓመት፣ 44ቱን ለመምታት 615 ተራ ወስዶበት ነበር።

በድምሩ ውስጥ የማይገቡት ግራ ያጋባሉ። በ1957 ወርልድ ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገጥሙበት ፍጻሜ) የያኔው ሚልዋኪ ብሬቭስ ኒውዮርክ ያንኪስን በሰባት ጨዋታ ሲያሸንፍ አሮን በ.393 አማካይ ሦስት ሆምረን መትቷል፤ በ1969 የናሽናል ሊግ ፍጻሜ ላይም ሦስት ጨምሯል። የፍጻሜ ጨዋታዎች ለብቻቸው ስለሚመዘገቡ ስድስቱ ከ755 ውጭ ናቸው። በ1953 ለጃክሰንቪል በታችኛው ሊግ የመታቸው 22ም አይቆጠሩም።

አሮን ቀድሞ የተጫወተበት የጥቁሮች ቡድን ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስስ? ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2020 የጥቁሮቹን ሊጎች እንደ ዋና ሊግ ተቀብሏል፤ በ2024 ቁጥሮቻቸውን ከዋናው መዝገብ ጋር አዋህዷል። ነገር ግን ውሳኔው የሚሸፍነው ከ1920 እስከ 1948 ያለውን ብቻ ነው። አሮን ለክላውንስ የተጫወተው በ1952 ስለሆነ ምንም አልተጨመረለትም። ለዊሊ ሜይስ ግን የ1948ቱ አሥር ሂት ተጨምሮለት 3,293 ደርሷል። ሁለቱን የሚያወዳድር ሰው የድሮና የአዲስ ሰንጠረዥ እንዳይቀላቅል።

አንድ የጠፋ ሆምረንም አለ። ኦገስት 18 ቀን 1965 በሴንት ሉዊስ አሮን የከርት ሲመንስን ኳስ መትቶ አሻገረ፤ ዳኛው ክሪስ ፔለኩዳስ እግሩ ከመቺው ሳጥን ወጥቷል ብሎ ሰረዘው። በመዝገቡ ላይ ያለው አውት (ከተራ መውጣት) ነው፤ 756 ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ዓመቱን በዓመቱ ሁኔታ መመዘን

በሰንጠረዡ ኅዳግ ላይ ሦስት ምልክቶች ያድርጉ። እስከ 1961 የናሽናል ሊግ ዓመት 154 ጨዋታ ነበር፤ ከ1962 ጀምሮ 162 ሆነ። ስለዚህ የ1957ቱ 44 እና የ1963ቱ 44 እኩል ዕድል አልነበራቸውም። ቀጥሎ በ1968 እና በ1969 መካከል መስመር ያስምሩ። 1968 ወርዋሪዎች የገነኑበት ዓመት ነው፤ በዚያ የተነሳ የወርዋሪው ጉብታ ከ38 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደረገ። የአሮን ሆምረን ከ29 ወደ 44 የዘለለው በዚያ መስመር ላይ ነው። ዕድሜውን ብቻ የሚያይ ሰው ዝላዩን ማስረዳት አይችልም።

ሦስተኛው 1966 ነው፤ ብሬቭስ ከሚልዋኪ ወደ አትላንታ የተዛወረበት። የአትላንታው ስታዲየም ከባሕር ጠለል በላይ 320 ሜትር ገደማ ላይ ነበር፤ በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ከሜጀር ሊግ ስታዲየሞች ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ኳስ ርቆ ይሄድበት ነበር። ከዚህ ተነስተው ክብረ ወሰኑን የሜዳው ሥራ የሚያደርጉ አሉ። መልሱ ሰንጠረዡ ውስጥ ነው፦ በሜዳው 385፣ በሰው ሜዳ 370። በ23 ዓመት የ15 ልዩነት።

የሁለተኛው ዓምድ ሥራ

ቁጥር ብቻ የያዘ ወረቀት የአሮንን ግማሽ ይተዋል። ከእያንዳንዱ ዓመት በስተቀኝ ባዶ ዓምድ ይተዉና በዚያ ዓመት የት እንደነበረ፣ የት መብላትና ማደር እንደተፈቀደለት ይጻፉ። ለሁሉም ዓመት መሙላት አያስፈልግም፤ ሦስት ረድፎች በደንብ ከተሞሉ የቀረውን ይከፍታሉ።

1952። አሮን 18 ዓመቱ ነው፤ ከሞቢል ወጥቶ ከክላውንስ ጋር ይዞራል። የቀኝ እጅ መቺ ሆኖ ሳለ ግራ እጁን ከላይ አድርጎ ዱላ ይይዝ የነበረ ልጅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዝናብ ጨዋታውን ሲያዘገይ ቡድኑ ከግሪፊዝ ስታዲየም ጀርባ ባለ ምግብ ቤት ቁርስ በላ። በልተው እንደጨረሱ የበሉባቸው ሳህኖች ወጥ ቤት ውስጥ ሲሰበሩ ሰሙ፤ ጥቁሮች የነኩት ዳግመኛ እንዳይቀርብ። አሮን ይህን ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ስታዲየሙ ፈርሶ በቦታው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠርቷል፤ የዲሲ ሐበሾች ምግብ ቤቶቻቸውን ከከፈቱበት ከዩ ጎዳናና ከ9ኛው ጎዳና በእግር የሚደረስ ነው። በዚያ አካባቢ የሚያልፍ አንባቢ ይህን ረድፍ ቦታው ላይ ቆሞ ሊያነበው ይችላል።

1953። በጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ፣ የደቡብ አትላንቲክ ሊግን የዘር አጥር ከሰበሩት ጥቂት ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ነጮቹ የቡድን ጓደኞቹ በሆቴል ሲያድሩ እሱ፣ ፌሊክስ ማንቲያ እና ሆራስ ጋርነር በጥቁሮች ቤት ያድሩ ነበር። በግራው ዓምድ የሚጻፈው፦ .362 አማካይ፣ 22 ሆምረን፣ 125 አርቢአይ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች። ሁለቱን ዓምዶች አንድ ላይ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ .362ቱ የተመታው በደንብ ተኝቶ ባደረ ሰው አይደለም።

1973። ድምሩ 713 ላይ ቆሟል። የነጭ ጀግና የሆነውን የሩትን ክብረ ወሰን ጥቁር ሰው ሊያልፍ መሆኑ ስድብና የግድያ ዛቻ አወረደበት። በዚያ ዓመት ወደ 930,000 ደብዳቤ ደረሰው። ብዙዎቹ የድጋፍ ነበሩ፤ የቀሩት ግን ልጁን የመጥለፍ ዛቻ እስከመያዝ የደረሱ ስለነበሩ በጠባቂ መንቀሳቀስ ጀመረ። የ9.8 ተራውን ስሌት እዚህ ረድፍ ላይ መልሰው ይጻፉት፤ በሥራው ዘመን ከፍተኛ የሆምረን ፍጥነት የታየው በዚሁ ዓመት ነው።

715ኛውን በነጥብ ወረቀት ላይ መጻፍ

የቤዝቦል ነጥብ ወረቀት ማለት ለእያንዳንዱ መቺና ለእያንዳንዱ ዙር (ኢኒንግ) አንድ ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ አልማዝ ቅርጽ ይሳላል፤ ጎኖቹ ቤዞቹን ይወክላሉ። ተከላካዮቹ በስም ሳይሆን በቁጥር ይጻፋሉ፦ 1 ወርዋሪው፣ 2 ተቀባዩ፣ ከ3 እስከ 5 አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂዎች፣ 6 ሾርትስቶፕ፣ ከ7 እስከ 9 የኋላ ሜዳ ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ።

ኤፕሪል 4 ቀን 1974 በሲንሲናቲ፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ዱላ ውዝወዛው፣ የጃክ ቢሊንግሃምን ኳስ መትቶ 714 ደርሷል። ዕለቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት ስድስተኛ ዓመት ነበር፤ አሮን የጠየቀው የኅሊና ጸሎት አልተደረገም። አራት ቀን ቆይቶ፣ ኤፕሪል 8፣ አትላንታ ላይ 53,775 ሰው ፊት ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ገጠሙ። ወርዋሪው አል ዳውኒንግ ነው። እሱም እንደ አሮን 44 ቁጥር ለባሽ ስለሆነ የድሮ ፎቶ የሚያይ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

በሁለተኛው ዙር የአሮን ሳጥን ውስጥ የዎክ ምልክት ያድርጉ፤ ከሆም (ከመቺው መነሻ ቤዝ) እስከ አንደኛ ያለውን ጎን ያስምሩ። ኋላ ዞሮ ስለገባ አልማዙ በሙሉ ይሰመራል፤ ይቀለማል።

በአራተኛው ዙር በቅድሚያ የዳረል ኢቫንስ ሳጥን ይሞላል። ሾርትስቶፑ ቢል ራስል ኳሱን ስላበላሸው ኢቫንስ አንደኛ ቤዝ ደረሰ፤ የስህተት ምልክትና 6 ይጻፉ። ሂት ብለው እንዳይጽፉት። ወደ አሮን ሲያልፉ የውርወራ ቆጣሪው ላይ መጀመሪያ አንድ ቦል (ከክልሉ ውጭ የወጣ ውርወራ) ምልክት ያድርጉ፤ የዳውኒንግ የመጀመሪያ ኳስ ዝቅ ብሎ አፈር ነክቷል። ሁለተኛውን አሮን መታው፤ በግራ መሐል በኩል ከአጥሩ አልፎ ብሬቭስ ወርዋሪዎች የሚሟሟቁበት ቦታ ገባ፤ ከእነሱ አንዱ ቶም ሃውስ ያዘው። የአሮንን አልማዝ አራቱንም ጎን አስምረው ያቅልሙ፤ የኢቫንስንም እንዲሁ። ለአሮን ሁለት አርቢአይ ይጻፉ። ውጤቱ ከ3 ለ1 ወደ 3 እኩል ይመጣል፤ ጨዋታው በብሬቭስ 7 ለ4 አሸናፊነት ያበቃል።

ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች እንኳ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። የኢቫንስ ሩጫ የመጣው ከስህተት ስለሆነ እንደ ዳውኒንግ ጥፋት አይቆጠርም፤ "ያልተገባ" ተብሎ ይለያል። ለአሮን ግን አርቢአዩ ይያዝለታል። አንዱ ደንብ ወርዋሪውን፣ ሌላው መቺውን ይመለከታል።

ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚመልስ ሰው፦ ኤፕሪል 8 ቀን 1974 መጋቢት 30 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ኳሱ የተመታው በአትላንታ ከምሽቱ 9:07 ሲሆን በዚያ ዓመት አሜሪካ ሰዓቷን ከጃንዋሪ ጀምራ ወደፊት ስለገፋች ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ተለውጦ ሚያዝያ 1፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሆኗል፤ የካቲት 66 ያስነሳው ግርግር ገና ሳይበርድ።

ከሌሎች ጋር ማወዳደር

ተገቢው አካፋይ የሚቆጠር ተራ ነው። ሩት 714ቱን በ8,399 ተራ መታ፤ በ11.8 አንድ። ቦንድስ 762ቱን በ9,847፤ በ12.9 አንድ። አሮን በ16.4 አንድ። በፍጥነት ከሦስቱ የመጨረሻው አሮን መሆኑን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሸሽግ አድናቂ አይታመንም። ከጎኑ ግን ሁለት ነገር ይጻፍ። ሩት በዘመኑ ጥቁር ወርዋሪ በሜጀር ሊግ አልገጠመውም፤ በሩ የተከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ሲገባ ነው። የቦንድስ ዘመን ደግሞ አበረታች መድኃኒት ቤዝቦልን ያመሰበት ነው። አሮን ራሱ ኦገስት 7 ቀን 2007 ቦንድስ 756ኛውን ሲመታ በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ላይ በተላለፈ መልእክት እንኳን ደስ አለህ ብሎታል።

የቤዝ መድረስ አማካይን ለሦስቱ ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ይጠንቀቅ። ለስሌቱ የሚያስፈልገው አንዱ ዓምድ፣ ጓደኛን ለማስገባት በአየር የተመታ ኳስ፣ ለብቻው በቋሚነት መቆጠር የጀመረው በ1954 ነው፤ አሮን በገባበት ዓመት። ሩት ይህ ዓምድ የለውም፤ ባዶውን እንደ ዜሮ ወስዶ ማስላት ቁጥሩን ያዛባል።

አትላንታ ላይ፣ እና አንድ የመጨረሻ ልምምድ

715ኛው የተመታበት ስታዲየም በ1997 ፈርሷል፤ ኳሱ ከአጥር ያለፈበት ቦታ ግን ምልክት ተደርጎለት እንዲቆይ ተደርጓል። በክላርክስተንና በዲካልብ ከሚኖሩ ሐበሾች ለብዙዎቹ ከቤት ብዙ አይርቅም። በትሩይስት ፓርክ፣ አሁን ብሬቭስ በሚጫወትበት፣ የአሮን ሐውልትና ከ755 ዱላ የተሠራ ቁጥሩ ይታያሉ። መቃብሩ በሳውዝ ቪው ነው፤ ጃንዋሪ 22 ቀን 2021 በ86 ዓመቱ አርፏል። ልጆችን ይዞ የሚሄድ ወላጅ ወረቀቱን አስቀድሞ ቤት ቢያሠራቸው ሐውልቱ ፊት የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ይሆናል።

ከ1999 ጀምሮ ሜጀር ሊግ በየሊጉ ላለው የዓመቱ ምርጥ መቺ የሃንክ አሮን ሽልማት ይሰጣል። የአንዱን ተሸላሚ ዓመት ወስደው ይሥሩት። ሾሄ ኦታኒ በ2024፦ ሂት 197፣ ደብል 38፣ ትሪፕል 7፣ ሆምረን 54። በአቋራጩ፣ 197 ሲደመር 38፣ ሲደመር 14፣ ሲደመር 162፣ 411 ቶታል ቤዝ ይወጣል፤ ከአሮን ምርጥ ዓመት በ11 ይበልጣል። አሁን 6,856ን ለ411 ያካፍሉ። 16.7 ይመጣል፤ አሮንን ለማለፍ የኦታኒን 2024 የመሰለ 17 ዓመት ያስፈልጋል።